የእንቅልፍን ሥፍራ የፈለጉት ሐኪም፤ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ (1876–1931)

የሰው ልጅ ከዕድሜው ሢሶ ያህሉን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ይህን ያህል ዘመን የሚወስድ ነገር ከሰውነታችን በየትኛው ክፍል እንደሚመራ ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ እንቅልፍ የሚመጣው ደም ከአንጎል ሲሸሽ ነው ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ቀን በሥራ ብዛት የሚጠራቀም መርዝ አንጎልን ሲያደነዝዘው ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። መተኛትም ሆነ መንቃት በአንጎል ውስጥ የታወቀ ሥፍራ ያለው ሥራ መሆኑን በማስረጃ አስደግፈው ካሳዩት ሰዎች ዋናው የቪየናው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ናቸው። እኚህ ሰው የከፍተኛ ትምህርታቸውን የጀመሩት በሕክምና ሳይሆን በመካኒካል ምሕንድስና ነበር። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸው በማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ መውጣቱ ያለቦታው አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተለየው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ኤኮኖሞ ነሐሴ 21 ቀን 1876 በሩማንያ አገር፣ በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በብራይላ ወደብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የግሪክ ተወላጆችና ባለጸጎች ነበሩ። ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ትሪየስቴ ተዛወረ። ትሪየስቴ ዛሬ የኢጣሊያ ትሁን እንጂ ያን ጊዜ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ትልቋ የባሕር በር ነበረች። በዚያች ከተማ ግሪኩ፣ ኢጣሊያኑና ጀርመኑ ተደባልቆ ይኖር ስለ ነበረ ልጁም ብዙ ቋንቋ እየሰማና እየተናገረ አደገ።

አባታቸው ልጃቸው የኢንዱስትሪ ሰው እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። በዚህም ምክንያት ወጣቱ ኤኮኖሞ በ1893 ቪየና ገብተው በፖሊቴክኒኩ ትምህርት ቤት መካኒካል ምሕንድስና መማር ጀመሩ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ግን ልባቸው ወደ ሕክምና አዘነበለ። በ1895 ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ተሻግረው በ1901 በዶክተርነት ተመረቁ።

ከምረቃ በኋላ ኤኮኖሞ በአንድ ሆስፒታል ተወስነው አልቀሩም። በፓሪስ፣ በሙኒክ፣ በበርሊንና በሌሎችም ከተሞች እየተዘዋወሩ ከዘመኑ የነርቭና የአእምሮ ሕመም ሊቃውንት ዘንድ ተማሩ። በሙኒክ ሳሉ ስማቸው ዛሬ በመርሳት በሽታ ከሚታወቀው ከዶክተር አልዛይመር ጋር የመሥራት ዕድል አጋጥሟቸዋል። በዚያ ዘመን የሞተ ሰው አንጎል በመድኃኒት ይጠነክርና እንደ ወረቀት በሳሳ ስንጥቅ ይቆረጣል፤ ከዚያም በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። የሕያው ሰው አንጎል ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ የአንጎል ሥዕል ማለት ይህ ነበር። ኤኮኖሞ ይህን ጥበብ ተምረው በ1906 ወደ ቪየና ተመለሱና በፕሮፌሰር ዩልዩስ ዋግነር ያውሬግ ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ። ዋግነር ያውሬግ በ1927 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ታላቅ ሐኪም ናቸው።

አየር ላይ የወጡት ሐኪም

ኤኮኖሞ ሕክምናን ቢመርጡም ከሞተር ፍቅር አልተላቀቁም። የራይት ወንድማማቾች በአሜሪካ በሞተር ኃይል ከበረሩ ገና አምስት ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ እርሳቸው ፈረንሳይ አገር ሄደው መብረር ተማሩ። የቯዛን ፋብሪካ የሠራውን አውሮፕላንም ገዙ። በኦስትሪያ ከመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች አንዱ በመሆናቸው፣ ከ1910 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የኦስትሪያ የአየር ክበብ ሊቀ መንበር ሆነው አገልግለዋል። የዚያን ዘመን አውሮፕላን ከእንጨት፣ ከሽቦና ከሸራ የተሠራ ስለ ሆነ፣ አብራሪው የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ለራሱ መርምሮ ማወቅ ነበረበት። ይህ ልማድ በሕሙማን አልጋ አጠገብም ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ፤ በ1916ም በደቡብ ቲሮል ግንባር በአብራሪነት ተሰለፉ። ወንድማቸው በጦርነቱ ስለ ሞቱ ግን ወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ እንዳያጡ አጥብቀው ለመኗቸው። ኤኮኖሞም የአብራሪነት ሥራቸውን ትተው ወደ ቪየና ተመለሱና ራሳቸው ላይ የቆሰሉ ወታደሮችን ያክሙ ጀመር።

የሚያስተኛው ወረርሽኝ

በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ በነበረው ክረምት ወደ ቪየናው ክሊኒክ እንግዳ የሆኑ ሕሙማን ይመጡ ጀመር። እያንዳንዳቸው የያዙት የሕመም ስም የተለያየ ነበር፤ አንዱ የማጅራት ገትር፣ ሌላው የነርቭ፣ ሦስተኛው የአእምሮ በሽተኛ ተብሎ ይላካል። ኤኮኖሞ ግን ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት እንዳለ አስተዋሉ። ሕሙማኑ ይተኛሉ። ሲቀሰቅሷቸው ይነቃሉ፣ ለተጠየቁትም በትክክል ይመልሳሉ፤ ነገር ግን ጉርሻው ከአፋቸው ሳይወርድ እንደ ተቀመጡ ያሸልባሉ። ብዙዎቹም የዓይን ሽፋናቸው ይወድቃል፣ ዓይናቸው ይንሸዋረራል።

ኤኮኖሞ ይህን ግኝታቸውን በሚያዝያ ወር 1917 ለቪየና የሕክምና ማኅበር አቀረቡ፤ በግንቦትም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። በሽታውንም ኢንሴፋላይቲስ ሌታርጂካ ብለው ሰየሙት፤ በአማርኛ የሚያስተኛ የአንጎል ብግነት እንደ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የፈረንሳዩ ሐኪም ክሩሼ የሚመሳሰል ሕመም ማየታቸውን ገልጸው ነበር፤ ሆኖም በሽታውን አጥርተው በመለየት የታወቁት ኤኮኖሞ ናቸው።

በሽታው በቪየና ብቻ አልቀረም። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ አውሮፓንና አሜሪካን አዳርሶ ሌሎችንም አህጉሮች ነካ። የታመመው ሕዝብ በግምት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንደ ሞተ ይነገራል። ከሞት ከተረፉትም ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰውነታቸው እየደረቀና እየተንቀጠቀጠ ዕድሜ ልካቸውን አልጋ ላይ ቀሩ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን ወረርሽኙ እንደ አመጣጡ በድንገት ጠፋ፤ መንሥኤውም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ያ ዘመን የሚታወቀው በሌላ ወረርሽኝ ነው። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የዳኑት። የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበትና ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድም መታሰቢያው ነው። ብዙ ሐኪሞች የሚያስተኛውን በሽታ ያመጣው ይህ ኢንፍሉዌንዛ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል። ይሁን እንጂ የኤኮኖሞ የመጀመሪያ ሕሙማን የታዩት ታላቁ ኢንፍሉዌንዛ ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። እርሳቸውም ሁለቱን በሽታዎች ለይተው ያዩ ነበር።

ሁለት ተቃራኒ ምልክቶች፣ ሁለት ሥፍራዎች

ኤኮኖሞን ከሌሎቹ ሐኪሞች የለያቸው በሽታውን መሰየማቸው ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚበልጠው ነገር ከበሽታው የጤነኛውን አንጎል አሠራር ለማወቅ መሞከራቸው ነው። መሐንዲስ የተበላሸውን መሣሪያ ሲፈታ የደህናውን አሠራር ይረዳል፤ የእርሳቸውም መንገድ ይህን ይመስላል።

ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ከመጠን በላይ የሚተኙ ነበሩ። ጥቂቶቹ ግን በተቃራኒው እንቅልፍ ፈጽሞ የራቃቸው፣ ሌት ተቀን የሚቁነጠነጡና እጅ እግራቸው ያለፈቃዳቸው የሚወራጭ ነበሩ። አንድ በሽታ እንዴት ሁለት ተቃራኒ ውጤት ያመጣል? እንቅልፍ በመላው አንጎል ድካም ወይም መመረዝ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር።

ሕሙማኑ ሲሞቱ አንጎላቸው በስሱ እየተቆረጠ ሲመረመር መልሱ ተገኘ። ከመጠን በላይ ይተኙ በነበሩት ላይ ብግነቱ የበረታው የመካከለኛው አንጎል ጫፍ ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል የኋላ ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነበር። የዓይን ጡንቻዎችን የሚያዙት ነርቮች መነሻ ከዚያው አጠገብ ስለ ሆነ፣ የዓይን መንሸዋረርና የሽፋን መውደቅ ከእንቅልፉ ጋር አብሮ የመጣው በጉርብትና ምክንያት ነው። እንቅልፍ ባጡት ላይ ደግሞ ጉዳቱ የተገኘው ከዚያ ወደ ፊት፣ በሃይፖታላመስ ፊተኛ ክፍልና በአካባቢው ነበር። የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያስተካክሉት የአንጎል ክፍሎችም ጎረቤት ስለ ሆኑ የእጅና የእግሩ መወራጨት ምክንያት በዚሁ ይፈታል።

ኤኮኖሞ ከዚህ ተነሥተው ወደ ኋላ ያለው ሥፍራ የመንቃት፣ ወደ ፊት ያለው የመተኛት ሥራ እንዳለው ደመደሙ። የመንቂያው ክፍል ሲበላሽ ሰው ይተኛል፤ የመተኛው ክፍል ሲበላሽ እንቅልፍ ይጠፋል። አንድ መብራት በሁለት ማብሪያና ማጥፊያ ሲታዘዝ የትኛው እንደ ተቃጠለ ከውጤቱ የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይህን አስተሳሰብ በቀላሉ ይረዳዋል።

የአንጎል ካርታ

በዚሁ ዘመን ኤኮኖሞ ሌላ ከባድ ሥራ ይሠሩ ነበር። ከግሪካዊው ሐኪም ከጊዮርጊዮስ ኮስኪናስ ጋር ሆነው የሰውን አንጎል ላይኛ ሽፋን በሕዋሶቹ ቅርጽና አደራደር እየለዩ በ107 ክፍሎች መደቡት። ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላም በ1925 ከታላላቅ ፎቶግራፎች ጋር አሳተሙት። ኤኮኖሞ በ1926 በጥልቀት ያጠኗቸው እንዝርት የሚመስሉ ትላልቅ የነርቭ ሕዋሶች ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

በ1919 የልዕልትነት ማዕረግ ያላቸውን ካሮሊነ ፎን ሸንቡርግ ሃርተንሽታይንን አገቡ፤ በ1921ም የነርቭና የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። ስማቸው ለኖቤል ሽልማት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢጠቆምም ሽልማቱን ሳያገኙ ቀርተዋል።

በ1929 መጨረሻ ወደ ኒውዮርክ ተጋብዘው ስለ እንቅልፍ ሥፍራ ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩም በ1930 ታተመ። በዚያ ጽሑፍ ናርኮሌፕሲ የተባለው ሕመም መነሻው እዚያው በሃይፖታላመስ የኋላ ክፍል አካባቢ መሆን አለበት ብለው ተነበዩ። ናርኮሌፕሲ የሚለውን ስም የሰጡት በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሊኖ ናቸው። ሕመሙ ያለበት ሰው ሌሊት ተኝቶ ቢያድርም ቀን በሥራ ላይ፣ በምግብ ገበታ፣ በጨዋታ መካከል እንቅልፍ ይጥለዋል። ብዙዎቹ ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበታቸው ይከዳቸውና አእምሯቸውን ሳይስቱ ይወድቃሉ፤ ይህም ካታፕሌክሲ ይባላል። ሲተኙና ሲነቁም ሰውነታቸው ተይዞ መንቀሳቀስ የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። በአገራችን ይህ ለብዙ ጤነኞችም አልፎ አልፎ ይደርሳልና ዱካክ መጣብኝ ሲባል እንሰማለን፤ በናርኮሌፕሲ ሕሙማን ላይ ግን ይደጋገማል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ2000 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል።

ኤኮኖሞ ትንቢታቸው ሲፈጸም ለማየት አልታደሉም። በ1931 በቪየና በስማቸው የተደራጀው የአንጎል ምርምር ክፍል ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1931 በልብ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው 55 ዓመት ነበር። በተወለዱ በ100ኛው ዓመት፣ በ1976፣ ኦስትሪያ ምስላቸው ያለበትን የፖስታ ቴምብር አውጥታላቸዋለች።

ከእርሳቸው በኋላ

በ1939 አሜሪካዊው ራንሰን በዝንጀሮዎች፣ በ1946 የኔዘርላንዱ ናውታ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ የኤኮኖሞ አሳብ ትክክል መሆኑ ታወቀ። የናርኮሌፕሲ ምሥጢር የተገለጠው ግን ዘግይቶ ነው። በ1998 ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በሃይፖታላመስ ውስጥ ብቻ የሚመረት አንድ የነርቭ መልእክተኛ አገኙ፤ አንዱ ቡድን ሃይፖክሬቲን ሌላው ኦሬክሲን ብሎ ሰየመው። በ2000 የሞቱ የናርኮሌፕሲ ሕሙማን አንጎል ሲመረመር ይህን መልእክተኛ ከሚያመርቱት ሕዋሶች ከመቶ 85 እስከ 95 ያህሉ ጠፍተው ተገኙ። ሥፍራው ኤኮኖሞ ከ70 ዓመት በፊት ያመለከቱት አካባቢ ነበር። በ2009 ከተነሣው ኢንፍሉዌንዛ በኋላ በቻይና፣ እንዲሁም በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ አንድ ዓይነት ክትባት በተሰጠባቸው በፊንላንድና በስዊድን የናርኮሌፕሲ ሕሙማን ቁጥር ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ በዘር የተጋለጡ ሰዎችን ሕዋሶች የሚያጠፋቸው የገዛ ሰውነታቸው የመከላከያ ኃይል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል።

የሕያው ሰው አንጎል ምስል የሚያነሡት መሣሪያዎችስ ምን አሳዩ? በተለመደው የኤም. አር. አይ. ምስል የናርኮሌፕሲ ሕመምተኛ አንጎል አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ አይለይም። የብዙ ሕሙማንን ምስል በኮምፒዩተር ያነጻጸሩ ጥናቶች እንኳ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ በሃይፖታላመስ ላይ መሳሳት አገኙ፣ ሌሎቹ አላገኙም። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። በሰው አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሶች መካከል ሃይፖክሬቲን የሚያመርቱት 70 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከሌሎች ጋር ተደባልቀው የተበተኑ ናቸው። በምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሶችን ስለምታጠቃልል፣ የእነዚህ ጥቂቶች መጥፋት ከመሣሪያው የማየት ችሎታ በታች ይሆናል።

ቅርጹን ትተው ሥራውን የለኩት ምርመራዎች ግን የተሻለ ፍንጭ ሰጥተዋል። በ2004 በፔት መሣሪያ የታተመ ጥናት የሕሙማኑ የኋላ ሃይፖታላመስ ስኳር የሚያቃጥልበት መጠን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። በ2008 ደግሞ ሕሙማን በኤም. አር. አይ. ውስጥ ሆነው የሚያስቅ ሥዕል እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ሳቅ ሲመጣ ሃይፖታላመሳቸው ከጤነኞቹ ያነሰ፣ ስሜትን የሚያስተናግደው አሚግዳላ የተባለው ክፍል ግን የበለጠ ሲሠራ ታየ። ሳቅ ጉልበትን ለምን እንደሚከዳ ለማወቅ ይህ አንድ እርምጃ ነው።

ለሥራ ባልደረቦች

ይህን ጽሑፍ የማሰናዳባት ሐዋሳ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣቶችን ወደ ከተማችን ስቧል፤ ከነዚህም አያሌዎቹ እኔ እንደምኖርበት እንደ አዲስ ከተማ ባሉ ክፍለ ከተሞች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። በፈረቃ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ በመኪናው ፊት የሚያሸልብ ሠራተኛ አይጠፋም። እንቅልፋም የሚለው ቃል በቋንቋችን ስድብ ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ ይገሠጻል፣ ቀጥሎ ደመወዙ ይቀጣል፣ በመጨረሻም ይሰናበታል። ሲስቅ የሚወድቀው ደግሞ የሚጥል በሽታ አለበት ወይም ቡዳ በልቶታል ይባላል።

ቀን ከሚያንጎላጁት አብዛኞቹ የጎደላቸው የሌሊት እንቅልፍ ነው፤ ለዚህ መፍትሔው የፈረቃው አደላደል ስለ ሆነ ነገሩ በቀጥታ የእኛ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው። በቂ ተኝቶ እያደረ ለወራት በየቀኑ የሚያሸልብ፣ ይልቁንም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ግን ከቅጣት በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። የአንጎል ፎቶግራፍ ደህና ነው ቢባልም ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ሕመሙ የሚለየው የሕመምተኛውን ታሪክ በመስማት፣ የእንቅልፉን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመቅረጽና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሃይፖክሬቲን በመለካት ነው። የጠፉትን ሕዋሶች የሚመልስ መድኃኒት ባይገኝም፣ የሚያነቁ መድኃኒቶችና በሰዓት የተወሰነ አጭር የቀን እንቅልፍ ብዙዎችን ለሥራ ያበቃሉ። እንዲህ ያለው ሰው እስኪታከም ድረስ ከከፍታ ላይ ሥራ፣ ከመሪና ከሚሽከረከር መሣሪያ ማራቅ የእርሱንም የባልደረቦቹንም ሕይወት ይጠብቃል።

ኤኮኖሞ የተለያየ የሕመም ስም ተለጥፎባቸው ከመጡት ሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆመው የጠየቁት ጉድለቱ የት ነው ብለው ነበር። እኛም በየቀኑ በመሣሪያዎቻችን ላይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። በመሣሪያው አጠገብ ስለሚያሸልበው ሠራተኛም እንዲሁ ብንጠይቅ፣ ትምህርታቸውን በእኛው ሙያ የጀመሩትን የእኚህን ሊቅ ድካም በሚገባ እንዳከበርነው ይቆጠራል።